ለማንም ያልተሰጠ ቁልፍ

ጋሼ ተክለጊዮርጊስን ከስንዴው ቦይ አውጥተው መሬት ላይ ሲያስተኟቸው፣ የደማቅ ዱቄትና ፓስታ ፋብሪካ ሦስቱ ክፍሎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ አብረው ሠሩ። ኦፕሬተሮቹ ጭንቅላታቸውን ደገፉ፤ ጥገናዎቹ ትከሻቸውን ያዙ፤ ዘግይቶ እየሮጠ የደረሰው የአይቲ ኃላፊ ደግሞ እግራቸውን። እስከዚያ ጠዋት ድረስ እነዚህ ክፍሎች አንዱ በሌላው ላይ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ሌላ ግንኙነት አልነበራቸውም። ሽማግሌው ይህን ትብብር ለማየት አልቆዩም። ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው በዱቄት ነጥተው፣ ግራ ጎናቸው ብቻ ቀይ ሆኖ፣ ዓይናቸውን እንደገለጡ ቀርተዋል።

ሐዳሳ ደረጃው ሥር ቆማ ታያለች። ከአዲስ አበባ የመጣች ኦዲተር ናት፤ ኦዲቷ ግን የሂሳብ አይደለም። የፋብሪካውን ማሽኖች በሚያዙት ኮምፒውተሮች ላይ ማን እጁን ሊያሳርፍ እንደሚችል፣ ማን ማሳረፍ እንደሌለበት ነው የምትመረምረው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጁነዲን «ኦዲተር» የሚለውን ቃል የሰሙ ቀን፣ ምን እንደምትመረምር ሳይጠይቁ ደረሰኞቻቸውን በሙሉ ካዝና አስገብተው ነበር።

«ሐዱዬ» አላት አንድ ድምፅ ከጎኗ። የአይቲው ኃላፊ ማቲዎስ ነው። ሸሚዙ ዱቄት ብቻ ሆኗል። «አትዪ። ፊትሽን አዙሪ።»

ደረቱ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እሱም ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። ከዚያ እጇን ያዝ አድርጎ «ይኸው ቁልፍሽም፣ በዚህ ግርግር እንዳይጠፋ» አለና መዳፏ ውስጥ አስቀምጦ ጣቶቿን አጠፈላት። ሐዳሳ ሳታየው ኪሷ ከተተችው።

ማቲዎስ ለእሷ የሥራ ባልደረባ አይደለም። ከአንጋጫ ወደዚህ ወደ ሆሳዕና ለትምህርት የመጣች ጊዜ የተከራየችው ጓዳ የእናቱ የእማ ሙሉመቤት ነበር፤ ሁለቱ ከአንድ ትሪ በልተው፣ በአንድ አምፖል አጥንተው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ይህን ሥራ ያመጣላትም እሱ ነው፤ «ማንም ከሚመጣ አንቺ ነይ» ብሎ ለአቶ ጁነዲን ስሟን አቅርቦ። ሆሳዕና እንደደረሰች እማ ሙሉመቤት ዘንድ ደውላ ስልካቸው አልሠራ ሲላት፣ «ያንን ቁጥር ተዪው፣ አዲስ አውጥቼላታለሁ፤ አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን» ብሏት ነበር።

ኢንስፔክተር ዑመር መጣና የመጀመሪያ ትእዛዙ አጭር ሆነ፤ «በሩ ይዘጋ። ድመት እንኳ እንዳትወጣ።»

*

ኢንስፔክተሩ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰው ነው። ሐዳሳን አስጠርቶ ቦይው አጠገብ አቆማት።

«እህቴ፣ እኔ ሰው አውቃለሁ። ብረት አላውቅም። አስረጂኝ።»

አስረዳችው። ስክሪው የሚባለው በቦይው ውስጥ ተኝቶ እየዞረ የረጠበ ስንዴ ወደ ወፍጮ የሚገፋ ጠመዝማዛ ብረት ነው። እርጥብ ስንዴ ይጓጉላል። ሲጓጉል አንድ ሰው ገብቶ በእጁ ማስለቀቅ አለበት። ያ ሰው ከመግባቱ በፊት ኤሌክትሪክ ክፍል ሄዶ የዚያን ስክሪው ኃይል ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ ያጠፋል፣ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፣ መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። እሱ ወጥቶ እስኪከፍተው ድረስ ማሽኑ ሬሳ ነው።

«ታዲያ ሬሳው ተነስቶ ሰው ገደለ?»

«ጋሼ ተክሌ የገቡት ሦስተኛው ስክሪው ውስጥ ነው። ጓጉንቸራቸው የተገኘው ግን አራተኛው ብሬከር ላይ ነው።»

«በቃ፣ ሽማግሌው ተሳሳቱ። ሦስትን ሊያጠፉ አራትን አጠፉ።» ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። «ይህ አንድ። ሁለተኛው፣ እሳቸው ውስጥ እያሉ ስክሪውን ማን አስነሳው?»

«ትእዛዙ የተሰጠው በኦፕሬተሯ በሃቢባ አካውንት ነው።»

«ሃቢባ አስነሳችው አትዪኝም?»

«ሃቢባና የሃቢባ አካውንት ሁለት ነገር ናቸው፣ ኢንስፔክተር።»

«እኛ ጣቢያ አንድ ናቸው። ከሰዓት ፍርድ ቤት አቅርቤ የጊዜ ቀጠሮ እጠይቅባታለሁ። እስከዚያ የሚነገር ካለ ንገሪኝ።» ትንሽ አሰብ አደረገና ጨመረ፤ «ኤሌክትሪክ ክፍሉስ? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ ጋሼ ተክሌ አንገት ላይ የተገኘው፤ ሌላው ለኦዲቱ ለእኔ የተሰጠኝ።»

«ያንቺ ከእጅሽ ወጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ሐዳሳ።

ኢንስፔክተሩ ጻፈው።

አቶ ጁነዲን ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም መለዋወጫ አለኝ። የሁሉም በር። ሥራ አስኪያጅ ያለ መለዋወጫ ምን ሥራ አስኪያጅ ነው?» ብለው በኩራት አንድ ቁልፍ አወጡ። ኢንስፔክተሩ ይዟቸው ሄዶ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ላይ ሞከረው፤ እምቢ አለ። ቢሯቸው ላይ ሞከረው፤ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ከፈተ። አቶ ጁነዲን ቁልፉን ፈጥነው ኪሳቸው ከተቱት።

*

ሃቢባ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጣለች። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ገና ነው። ወሬው ቤተሰቦቿ ያሉበት ጃጁራ ደርሶ እናቷ ሕፃኑን አዝለው በሚኒባስ መጥተዋል፤ የዘበኛው ቤት ጥግ ቆመው ሕፃኑ ሲያለቅስ እዚህ ድረስ ይሰማል። በጮኸ ቁጥር ሃቢባ ክንዷን ደረቷ ላይ ትጭናለች።

«ወላሂ አልነካሁትም» አለች። «ሦስተኛው ተጓጎለ ብዬ በድምፅ ማጉያው የጠራሁት እኔው ነኝ። ጋሼ ተክሌ እንደሚገቡ እያወቅሁ ላስነሳው? ሞኒተሩ ላይ ቀይ ነበር፤ ቆሟል ማለት ነው። እያየሁት በራሱ አረንጓዴ ሆነ። ወዲያው አቁም አልኩት። ከዚያ ጩኸቱ መጣ።»

«በራሱ አረንጓዴ ሆነ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ፓስወርድሽን ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ባልሽስ?»

«ባሌ የስልኩን መቼ ነግሮኝ ነው የእኔን የምነግረው? ለማንም አልተናገርኩም።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ሐዳሳ ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ ራሷ ናት ራሷን የቆለፈችው ለማለት።

ሐዳሳን ያቃጠላት ሌላ ነገር ነው። እስከ ትናንት ድረስ የክፍሉ ሰው ሁሉ በአንድ ፓስወርድ ይሠራ ነበር። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ጥግ ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ «ምስጢር ነው» የሚል ማሳሰቢያ ተጨምሮበት ነበር። ወረቀቱን የቀደደችው እሷ ናት። ሁሉም የየራሱን እንዲመርጥ ያስገደደችው እሷ ናት። ወረቀቱ ዛሬ ቢኖር ኖሮ መላው ፋብሪካ ተጠርጣሪ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ሃቢባ ብቻዋን ናት።

*

ኤሌክትሪክ ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም፣ የብረት ቁም ሳጥን የመሰለ ፓናል፣ በተርታ የተደረደሩ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ብሬከሮች፣ በሁሉም ላይ እንደ ውርጭ የተኛ ዱቄት። ፓናሉ አዲስ ነው፤ ብሬከሮቹን ለመለየት ያለው ብቸኛ መንገድ ከየራሳቸው በላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ የተለጠፉት በእሷ ኦዲት ነው፤ ፓናሉ በአልኮል ተወልውሎ፣ አንዱ ክፍል የሌላውን ሥራ እያረጋገጠ። ጋሼ ተክሌ ያኔ ስቀውባት ነበር። «እኔ ልጄ፣ እጄ ነው የሚያውቀው» ሲሏት «እጅ ይረሳል፣ ጋሼ። ቁጥሩን ይመኑ» ብላቸው ነበር። እሺ ብለው ነበር።

ጎንበስ ብላ ጥፍሯን ከአንደኛው ቁጥር ሥር አስገባች። ሙጫው አልላቀቅም አለ፤ ሥሩ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስትነካው ጫፉ ወዲያው ተነሳላት። ሙጫው ላይ ዱቄት ተጣብቋል። አራተኛውም እንደዚያው። አምስተኛው ግን ንጹሕ ነው።

«ምን አየሽ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቆይ።» ፓናሉን ከፍታ ወለሉን አየች። ዱቄቱ መሃል ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ አለ፤ አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ ተቀምጦበት የተነሳ። አጠገቡ የተቆረጠ ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«እዚህ ውስጥ ምን ነበር?»

«የተመዘገበ ነገር የለም። እኔም ፓናሉን ከፍቼ የማየው ነገ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ስንጥሩን ጣለው። ከዚያ በኋላ ድጋሚ ስንጥር ሲያወጣ አልታየም።

*

የጋሼ ተክሌ ምክትል ወልደ ማርያም ከወፍጮው ጀርባ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ተቀምጦ እጁን ደጋግሞ ይታጠባል። ከሽማግሌው ጋር ሰሞኑን መጣላታቸውን ፋብሪካው ሁሉ ሰምቷል።

«ገደልኩ በለኝና እንገላገል» አለው ኢንስፔክተሩ።

«እኔ ገደልኳቸው? እኔ?» ወልደ ማርያም ብድግ አለ። «ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። የልጄ ክርስትና አባት ናቸው!»

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

«በዚያች ሳጥን።» ወደ ሐዳሳ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁጥር ስንለጥፍ ፓናሉ ውስጥ አንዲት ሳጥን አገኘን። መብራት የምታርገበግብ፣ አንቴና ያላት። እኔ ‹ሪፖርት እናድርግ› አልኩ። ጋሼ ‹ተው፤ ባለቤቱን አውቄዋለሁ፣ በኦዲቱ መዝጊያ ስብሰባ ራሱ ቆሞ ይናገራል፣ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› አሉ። ‹ጊዜ የሚሰጠው ለዕቁብ ነው እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አይደለም› ብዬ ጮኽኩ። እሳቸውም ጮኹ።»

«ባለቤቱ ማን ነው አሉህ?»

«አልነገሩኝም። እኔማ…» አፍሮ ፀጉሩን አከከ። «የእህታችን የኦዲተሯ መስሎኝ ነበር። ልትፈትነን ያስገባችው።»

«ጋሽ ወልዴ» አለች ሐዳሳ፣ «ጋሼ ቆልፈው ከመግባታቸው በፊት ሌላ የሚያደርጉት ነገር አለ?»

«እንዴታ። ስክሪው አጠገብ ያለውን ማስነሻ ይጫኑታል። ዝም ካለ ሞቷል ማለት ነው፤ ይገባሉ። ዛሬም ተጭነውታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም አለ።»

ሐዳሳ ተመልሳ መቆጣጠሪያ ክፍል ገባች። ከፖሊሶቹ ፈቃድ ጠይቃ ሃቢባ ጆሮ ሥር ጎንበስ አለችና አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። ሃቢባም ግራ በተጋባ ፊት፣ ይህ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት፣ መለሰችላት።

ሐዳሳ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ብትናገር ሁለት ሰው ታጠፋለች፤ አንዷ ራሷ ናት። ዝም ብትል የምትጠፋው ሃቢባ ብቻ ናት። ከውጭ ሕፃኑ እንደገና ጮኸ።

«ኢንስፔክተር» አለች፣ «ሁሉንም ምግብ አዳራሽ ይሰብስቧቸው። አይቲ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ያለውን አሮጌ ዕቃም በሙሉ ያስመጡልኝ።»

*

ምሳው ቀርቦ ማንም ያልነካው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አቶ ጁነዲን በራስጌ፣ ወልደ ማርያም በጎን፣ ሃቢባ በፖሊሶቿ መሃል፣ ማቲዎስ ከሐዳሳ ፊት ለፊት። ማቲዎስ ውኃ ቀድቶ አስጠጋላት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከቢሮው የመጡ አሮጌ ሳጥኖችና የሞቱ ኪቦርዶች ተከምረዋል።

«እኔን አሳማኝ ምክንያት ይዛችሁ ካልሆነ አትሰብስቡኝ፤ ወፍጮው ቆሟል» አሉ አቶ ጁነዲን።

«ዝም ይበሉ፣ አቶ ጁነዲን» አለ ኢንስፔክተሩ። «ወይ መለዋወጫዎን ያውጡ።»

ሐዳሳ ተነሳች።

«ጋሼ ተክሌ አልተሳሳቱም። የሦስተኛውና የአራተኛው ብሬከር ቁጥሮች ሥር ዱቄት አለ፤ የሌሎቹ ሥር የለም። ተነቅለው ተለጥፈዋል ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ሁለቱን አለዋወጣቸው። ጋሼ መጥተው ‹ሦስት› የሚለውን ቆለፉ። የቆለፉት ግን አራተኛውን ነበር። ከሞቱ በኋላ ያ ሰው ተመልሶ ገብቶ ቁጥሮቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። ጓጉንቸሩ አራት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሽማግሌ ተሳሳተ፣ አለቀ።»

«ማስነሻውን ግን ተጭነዋል እኮ!» አለ ወልደ ማርያም።

«ከኮምፒውተሩ ‹ከእኔ በቀር ማንንም አትስማ› ተብሎ ማስነሻው ሊዘጋ ይችላል። ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው የኤሌክትሪክ ክፍሉ ቁልፍ፣ ሁለተኛው የሃቢባ ፓስወርድ። ሃቢባ ቁልፉ የላትም። ጋሽ ወልዴ ፓስወርዱ የለውም። አቶ ጁነዲን…» አየት አደረገቻቸው፤ «አቶ ጁነዲን ኢሜላቸውን የሚያነቡት ጸሐፊያቸው አትማ ስትሰጣቸው ነው።»

«ኦሪጅናሉን ስለምወድ ነው» አሉ አቶ ጁነዲን።

«ሃቢባ፣ ቅድም የጠየቅሁሽን እዚህ ሁሉ ፊት ልጠይቅሽ። ትናንት ፓስወርድሽን ስትቀይሪ ኪቦርዱ ላይ የጻፈው የማን እጅ ነው?»

«እጄ ዱቄት ነበር» አለች ሃቢባ። «ማቲ ነው የጻፈልኝ።»

«ኢንስፔክተሩ ሲጠይቁሽ ለማንም አልተናገርኩም አላልሽም?»

«ለማንም አልተናገርኩም እኮ! ማቲ…» ቃሉን ፈለገችው። «ማቲ አይቲ ነው። ሐኪም ፊት ልብስ አወለቅሁ ብዬ ለሰው አወራለሁ?»

ማቲዎስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሐዱ፣ የሁሉንም ፓስወርድ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው። ቁልፍ ግን የለኝም።»

«ኢንስፔክተር» አለች ሐዳሳ፣ «ጠዋት የጠየቁኝን እንደገና ይጠይቁኝ።»

ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ አያት። «የኤሌክትሪክ ክፍሉ ቁልፍ ከእጅሽ ወጥቶ ያውቃል?»

«ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት ‹የኔትወርክ ገመድ ልፈትሽ› ሲለኝ ለማቲዎስ ሰጠሁት። የመለሰልኝ ጋሼ ተክሌ መሬት ላይ ተኝተው፣ እኔ ደረቱ ላይ እያለቀስኩ ነው። ጠዋት ዋሽቼዎት አይደለም። ሲጠይቁኝ በልቤ ፈልጌ አጣሁት። እሱን ሰው ብዬ አልቆጠርኩትም፤ የራሴ እጅ ነው የመሰለኝ። ቁልፍ ለሰው አትስጡ እያልኩ ሦስት ክፍል ሙሉ ሳስተምር ቁልፉ የነበረው እሱ ኪስ ውስጥ ነው።»

«ሐዳሳ» አለ ማቲዎስ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስሟን ጠራ። «ምን እያልሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይህን ተናግረሽ ኦዲተር ሆነሽ ትቀጥያለሽ?»

«አልቀጥልም።»

ወደ ተከመሩት ዕቃዎች ሄደች። ሁሉም የቢሮ አቧራ ለብሰዋል፤ ግራጫ፣ ጸጉር የተቀላቀለበት። አንዷን ሳጥን አነሳችና የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቿን በጣቷ ጠረገች። ጣቷን ለሁሉም አሳየች። ነጭ ነው።

«ከአይቲ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ዱቄት የበላ፣ ኢንተርኔት የሚያገናኝ ሞደም። የፓናሉ ወለል ላይ ያለው ባዶ ቦታ ልኳ ነው። ይህን የያዘ ሰው ከስልኩ ሆኖ፣ የትም ቆሞ፣ ስክሪውን ያስነሳል። ሃቢባ ‹በራሱ አረንጓዴ ሆነ› ያለችው ለዚህ ነው።»

«አሮጌ ዕቃ ነው፤ የማን እንደሆነ ምን ታውቂያለሽ?» አለ ማቲዎስ።

ሐዳሳ የሞደሙን ሲም ካርድ አውጥታ ለኢንስፔክተሩ ሰጠችው። እሱም ትንሿ ስልኩ ውስጥ አስገባና ቁጥሯን እየነገረችው ደወለላት። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሐዳሳ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ሃቢባ አንገቷን አስግጋ አነበበችው።

«‹እማ› ይላል።»

ማቲዎስ ስልኩን ወደ ራሱ ሊያዞር እጁን ዘርግቶ መለሰው። የእናቱ የድሮ ቁጥር ነው። ሐዳሳ በተማሪነቷ «እማ» ብላ መዝግባው ያኔ የቀረ።

ስልኩ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ቆመ።

«የማታ ፈረቃ እዚህ ድረስ ላለመንከራተት ነው ያስገባሁት» አለ ማቲዎስ ጠረጴዛውን እያየ። «ቤቴ ሆኜ ነበር የምከታተለው። ክረምት ላይ የፓስታ ማድረቂያው ሙቀት ላይ አንድ አሃዝ ተሳሳትኩ። ፓስታው ተቃጠለ። ኦፕሬተሩ ፈትሁዲን ፈረቃ ላይ ስለነበር…»

«እሱ ተባረረ» አለ ወልደ ማርያም። «አሁን አዲሎ ከተማ ጆንያ ያወርዳል። ሚስቱ ትታው ሄደች።»

«ጋሼ ሳጥኗን ሲያገኟት አወቁ። ‹ተናገር፣ ልጁ ስሙ ይመለስለት› አሉኝ። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።»

«እግራቸውንማ ይዘሃል፤ ዛሬ ጠዋት» አለ ወልደ ማርያም፤ ሁለት ሰዎች ባይዙት ጠረጴዛውን ተሻግሮ ነበር።

ሐዳሳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የምትደብቀው ነገር እያለህ ለምን ኦዲተር ጠራህ? ለምን እኔን?»

«ኦዲቱ አይቀርም ነበር። ሌላ ሰው ቢመጣ ያየኝ ነበር» አላት። «አንቺ አታዪኝም።»

*

ማቲዎስ እጁን ታስሮ ሲወጣ ኢንስፔክተር ዑመር ሐዳሳን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«እህቴ፣ ቃልሽን እንደገና ልጽፍ ነው። ቁልፉን ሰረቀኝ ብትዪ ማንም አይጠይቅሽም። ሥራሽ ይተርፋል። ሃቢባ እንደሆነች ነጻ ናት።»

«አልሰረቀኝም። ሰጠሁት።»

«ይህን ከጻፍኩ ነገ መሥሪያ ቤትሽ ይደርሳል።»

«ይጻፉት።»

ጻፈው፤ ፈረመች። አቶ ጁነዲን በሩ ላይ ጠበቋት። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን አለ፤ ከሐዘኑ ጋር ግን አንድ ሌላ ነገር ይታገላቸዋል፤ አላስቻላቸውም።

«ይቅርታ፣ ወይዘሪት። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ኦዲቱን… አለፍን ወይስ?»

«ወድቃችኋል» አለች። «እኔም ጭምር።»

ሃቢባ የግቢውን በር አልፋ ልጇን ከእናቷ ጀርባ አውርዳ እዚያው አጥር ሥር ቁጭ ብላ እያጠባችው ነበር። ሐዳሳ ባጠገቧ ስታልፍ ቀና አለች፤ ምስጋና ለመናገርም፣ ለመቆጣትም አፏን ከፈተችና ሁለቱንም ተወችው።

ማቲዎስ ከፖሊስ መኪናው መስኮት ጠራት። ባትሄድ ደስ ባላት፤ ሄደች።

«ለእማ አንቺ ንገሪያት» አላት። «ከሌላ ሰው አትስማ።»

ዞር ብላ ባጃጅ ያዘች።

የእማ ሙሉመቤት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በሩን ሲከፍቱ እልል ሊሉ ነበር፤ ፊቷን አይተው ተዉት። ሐዳሳ ቁጭ በዪ ሳትባል፣ ቆማ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገደለ፣ ማን እንዳስያዘው። ቃል አላሳመረችም። አሮጊቷ እየሰሙ ያንኑ የበሩን እጀታ እንደጨበጡ ቆዩ።

«አንቺ ነሽ ያስያዝሽው?»

«አዎ፣ እማ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። ሐዳሳ በሩ ይዘጋብኛል ብላ ጠበቀች። አልተዘጋም። ጓዳ ውስጥ ሳጥን ሲከፈት፣ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሲመለሱ የታጠፈ ጋቢ ይዘዋል። ክንዷ ላይ አኖሩት፤ ክብደቱን ለማረጋገጥ የሚመስል አንዴ ጫን አደረጉት።

«ጣቢያው ይበርዳል» አሉ፣ ፊቷን ሳያዩ። «አንቺ አድርሺለት። እኔ አላየውም።»

በሩን ዘጉ። ሐዳሳ ጋቢውን ታቅፋ ወደ ጣቢያው ቁልቁል መራመድ ጀመረች።